ባናደርገውስ ኖሮ?

(የዱር እንስሳትን ከጥፋት ስለሚያድኑና ስለማያድኑ ሥራዎች ለተፈጥሮ ወዳጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ ቀበሮና ስለ አውራሪስ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

ከባሌ ልጀምር።

ሳነቲን ያየ ሰው አይረሳውም። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ንፋሱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጠዋት ላይ ዝም ብላችሁ ብትቆሙ ከሣሩ መሐል አንድ ቀይ ነገር ታያላችሁ። አንገቱን ደፍቷል። ጆሮው ቀጥ ብሏል። ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ይጠብቃል። ቀይ ቀበሮ ነው። የአካባቢው ኦሮሞዎች «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ባዝራ ልትወልድ ስትል የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል ይባላል።

ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። እዚያ በብዛት የሚገድላቸው ደግሞ ጥይት አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታውን ይዘው የሚወጡት ከከብት ጋር የሚሄዱ ውሾች ናቸው። ቀይ ቀበሮ ለብቻው ያድናል እንጂ የሚኖረው በቤተሰብ ነው። ማለዳ ይገናኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ ይሻሻሉ። ስለዚህ አንዱ ከታመመ ቤቱ በሙሉ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተነሳው ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ለይተው ከሚያውቋቸው ቀበሮዎች ከሦስት ሁለት እጅ በላይ ጠፉ። በ2003 እንደገና መጣ። በ2008ም፣ በ2014ም። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መከላከያው አለ፤ ክትባት ነው። ግን ቀበሮን እንዴት ትከትባላችሁ? በወጥመድ ይዞ በመርፌ መውጋት ይቻላል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ከ60 በላይ ቀበሮዎች እንደዚያ ተከትበዋል። ይሁን እንጂ አድካሚ ነው። እንስሳውም ይጨነቃል። በአውሮፓ ቀበሮዎችን የሚከትቡት በአፍ ነው። ክትባቱን ማባበያ ምግብ ውስጥ ከትተው ጫካ ይበትኑታል። ቀበሮው ሲያኝከው ይከተባል። አውሮፓ ውስጥ ብዙ አገሮች በሽታውን ከጫካቸው ያጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ቀላሉ ነገር ምን ነበር? በፋብሪካ የተሠራውን ማባበያ ገዝቶ ባሌ ላይ መበተን። ሌላ አገር ሠርቷል፤ እዚህስ ምን ይከለክለዋል?

በቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን መጀመሪያ ሞከሩት። አራት ዓይነት ማባበያ አዘጋጁ። የፋብሪካውን፣ የፍየል ሥጋ፣ አይጥና አንጀት። በ12 የቀበሮ ቤተሰቦች ላይ አንድ በአንድ አዩት። አንዳንዱን በፈረስ ሆነው አጠገባቸው ጣል አደረጉ። አንዳንዱን ሌሊት በክልላቸው ውስጥ አስቀመጡ።

የፋብሪካውን ማባበያ አንድም ቀበሮ አልነካውም። አንድም! ከሁሉ የተወደደው የፍየል ሥጋ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሙከራው ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማባበያው ከውጭ ይገዛል። በመኪና፣ ከዚያም በፈረስ ተራራ ይወጣል። ይበተናል። ሪፖርት ይጻፋል፦ «ይህን ያህል ሺህ ክትባት ተሠራጭቷል»። ሪፖርቱ ውሸት የለበትም፤ በእርግጥም ተሠራጭቷል። ፎቶም ይኖረዋል። ቀበሮዎቹ ግን ሳይከተቡ ይቀራሉ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ይሞታሉ። እኛም «ክትባቱ እኮ ተሰጥቶ ነበር፤ ምን እናድርግ» እንላለን።

እነሱ የፍየል ሥጋው መበላቱንም አይተው አልቆሙም። ማባበያው ውስጥ ደም ላይ የሚታይ ምልክት ጨምረውበት ነበር። ሦስት ቤተሰቦችን በፍየል ሥጋው ከከተቡ በኋላ 21 ቀበሮዎችን ይዘው ደማቸውን መረመሩ። 14ቱ ምልክቱ ተገኘባቸው፤ በልተውታል ማለት ነው። ከ14ቱ ደግሞ 12ቱ ለዱር እንስሳ ይበቃል የሚባለውን ያህል የመከላከል አቅም አዳብረዋል። ከ14 ወር በኋላ ሲታዩ ከአንዱ በቀር የተከተቡት ሁሉ በሕይወት ነበሩ። በ2018 በአፍ የሚሰጠው ክትባት በዘመቻ ደረጃ ባሌ ላይ ተጀመረ።

ዛሬ ማታ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። የዱር እንስሳትን መውደድ አለ፤ እንስሳቱን የሚያድን ነገር መሥራት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። መገጣጠማቸውን የምናውቀው ፈትነን ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። በራሴ ከደረሰ ልንገራችሁ። ቦታውንም ፕሮጀክቱንም አልጠራም።

ከዓመታት በፊት ከአንድ ፓርክ ዳር ካሉ ገበሬዎች ጋር እሠራ ነበር። ዝንጀሮ በቆሏቸውን ይጨርሰዋል። ገበሬው ተማርሮ መርዝ ሊያስቀምጥ ይነሳል። መርዙን ዝንጀሮ ብቻ አይበላውም፤ አሞራውም ጅቡም ይሞትበታል። እኛ መፍትሔ ይዘን ሄድን። በማሳው ዙሪያ ገመድ ወጥሮ ቆርቆሮ ማንጠልጠል፣ በየተራ መጠበቅ፣ ድምፅ ማሰማት። አሠለጠንን። ቆርቆሮና ገመድ አደልን። መኸር ሲደርስ ዞረን ጠየቅን። ጉዳቱ ከአምናው ቀንሷል። በጣም ቀንሷል። ምን ያህል እንደተደሰትን አልነግራችሁም። «ውጤታማ ተሞክሮ» ብለን ጻፍን። ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ይስፋፋ አልን።

ጥቂት ቆይቶ አንድ አባት ደጃቸው ላይ ቡና እየጠጣን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ጥሩ ነበር። ተራራው ላይ ያለው ሾላ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል። ዝንጀሮው ምን ሊሠራ ይወርዳል?»

ደነገጥኩ። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ፕሮጀክት የለም። ቆርቆሮ የለም። ሥልጠና የለም። የእነሱም በቆሎ ያን ዓመት ደህና ነበር።

ቆርቆሮው አይሠራም እያልኩ አይደለም። ይሠራ ይሆናል። እኛ ግን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ያመሳከርነው አምናና ዘንድሮን ብቻ ነው። በአምናና በዘንድሮ መካከል ደግሞ የተቀየረው ቆርቆሮው ብቻ አልነበረም፤ ሰማዩም ተቀይሯል። ወንዙን ቀደም ብለን ተሻግረን ብንጠይቅ ኖሮ አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚፈጅብን። አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ሥራ ፊት አንዲት ጥያቄ ትመጣብኛለች፦ ባናደርገውስ ኖሮ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አሳምሮ የመለሰ ሥራ የምለው የቦትስዋናን የከብት ጥናት ነው። ከአርብቶ አደር አካባቢ የመጣችሁ በደንብ ይገባችኋል።

በኦካቫንጎ አካባቢ አንበሳ ከብት ይበላል። ባለከብቱም አንበሳውን ይገድላል። ማንም አይፈርድበትም፤ ከብቱ ንብረቱ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። አንበሳ አድፍጦ ነው የሚያድነው። ታየሁ ብሎ ካሰበ ብዙ ጊዜ ይተወዋል። እንግዲያው ላሟ ከኋላዋም የምታይ ብትመስለውስ? በላሟ መቀመጫ ላይ በቀለም ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሳሉ።

አሁን ልብ በሉ። በየመንጋው ውስጥ ያሉትን ከብቶች በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ክፍል ዓይን ተሳለለት። አንዱ ክፍል ምንም አልተደረገለትም። የቀረው ክፍል ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ የመስቀል ምልክት ብቻ ተደረገለት። መስቀሉ ለምን አስፈለገ? አንበሳው የሚሸሸው ዓይኑን ይሁን ወይስ እንግዳ የሆነውን ቀለም እንዲለዩ ነው። ሦስቱም አብረው ይውላሉ። እዚያው ሣር ላይ፣ እዚያው እረኛ ሥር፣ በዚያው ዝናብ። ዓመቱ ቢከፋ ለሦስቱም ይከፋል።

አራት ዓመት ቆዩበት። 14 መንጋ፣ 2,061 ከብት። ምንም ካልተቀቡት 835 ከብቶች 15ቱ ተገደሉ። መስቀል ካላቸው 543 አራቱ። ዓይን ከተሳለላቸው 683 ከብቶች አንድም አልሞተም።

ቀለምና ብሩሽ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ይህን የፈለሰፈው ሰው ሐሳቡን ብቻ ይዞ ቢመጣ ማን ያምነው ነበር? እኔ አላምነውም ነበር። ቁጥሩን ሳይ ግን ዝም አልኩ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያልተመለሰውንም በግልጽ ጽፈዋል። በመንጋው ውስጥ ሁልጊዜ ያልተቀቡ ላሞች ነበሩ። ሁሉም ቢቀቡ አንበሳው ምን ያደርጋል? ከጊዜ በኋላስ ይለምደው ይሆን? ይህ ገና መታየት አለበት። እኔ ጥናትን የማምነው እንዲህ የራሱን ቀዳዳ ሲያሳየኝ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ማስረጃው ልብ የሚያምም ነገር ይነግረናል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ባሉ 11 የጥበቃ ቦታዎች ከ2017 እስከ 2023 የተደረገ ጥናት አለ። በ2025 ነው የወጣው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ሕገ ወጥ አዳኞች 1,985 አውራሪሶችን ገድለዋል። ለመከላከል ደግሞ 74 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። አብዛኛው የሄደው ለሕግ ማስከበር ነው። ለጠባቂዎች፣ ለሄሊኮፕተር፣ ለተከታታይ ውሾች፣ ለካሜራ። ከ700 በላይ አዳኞች ተይዘዋል። ይህን ስትሰሙ «ሠርቷል» ትላላችሁ። ተመራማሪዎቹ ግን ቁጥሩን ሲመረምሩት ይህ ሁሉ ግድያውን በግልጽ መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። የተያዘው ሰው ቦታ በሌላ ድሀ ይተካል። ከኋላ ያለው ነጋዴ አልተነካም። ከውስጥም መረጃ የሚሸጥ አይጠፋም።

ሌላ ነገርም ተሞክሮ ነበር። በስምንቱ ቦታዎች 2,284 አውራሪሶችን አደንዝዘው ቀንዳቸውን ቆረጡ። የአውራሪስ ቀንድ እንደ ጥፍር ነው። ከሥሩ ከፍ ተደርጎ ከተቆረጠ አያምም፤ መልሶም ያድጋል። በዚህ የተነሳ ግድያው በ78 በመቶ ወረደ። የፈጀው ገንዘብ ከጠቅላላ በጀቱ 1.2 በመቶ ነው።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ጠባቂዎቹ ነው። በእኛም ፓርኮች ያሉትን ስካውቶች አውቃቸዋለሁ። ሌሊት በዝናብ የሚያድሩ፣ በትንሽ ደመወዝ ነፍሳቸውን የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ጥናቱ እነሱ አያስፈልጉም አይልም። ቀንዱ መልሶ ስለሚያድግና ለጉቶው ብለው የሚገድሉም ስላሉ ጥበቃው አብሮ መቀጠል አለበት ይላል። ግን አንድን ሰው ለሞት ወደሚያሰጋ ሥራ ስንልከው ያ ሥራ አውራሪሱን እንደሚያድን ማወቅ ዕዳችን ነው። ለእንስሳው ብቻ አይደለም፤ ለሰውየውም ነው።

ሌላም አለ። ማስረጃ ሁልጊዜ «ጨምሩ» አይልም። ወደ ባሌ ልመልሳችሁ። ወረርሽኝን ለማቆም አብዛኛው እንስሳ መከተብ አለበት የሚለው የተለመደ ሕግ ነው። ለቀይ ቀበሮ ይህ የማይሆን ነው። ማን ሁሉንም ይይዛል? በ2006 የታተመ ጥናት ግን ያለፉትን ወረርሽኞች ጉዞ አጥንቶ ሌላ መንገድ አሳየ። የባሌ ቀበሮዎች በየሸለቆው ተከፋፍለው ይኖራሉ። ሸለቆዎቹ በጠባብ መተላለፊያ ይገናኛሉ። በመተላለፊያው ላይ ያሉትን ቤተሰቦች ከከተባችሁ በሽታው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መሻገሪያ ያጣል። አንድ ሸለቆ ሊጎዳ ይችላል፤ ባሌ ግን አይጠፋም። ጥቂት ክትባት በትክክለኛው ቦታ! ይህን ማንም በግምት አይደርስበትም። የደረሱበት ለዓመታት የእያንዳንዷን ቀበሮ ሞት ሲመዘግቡ የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በእግራቸው እየዞሩ፣ በደብተር። ብዙዎቹ የዚያው የባሌ ልጆች ናቸው።

ያልሠራ ነገርም ላንሳ። ስለ ውድቀት ካላወራን ማስረጃ ማለት ማስታወቂያ ይሆናል።

እንግሊዝ አገር መንገድ ሲሠራ የሌሊት ወፎች የሚበሩበትን መስመር ይቆርጣል። ዝቅ ብለው ሲሻገሩ መኪና ይመታቸዋል። መፍትሔ ተብሎ ከመንገዱ በላይ የሽቦ ድልድይ ተሠራ። የሌሊት ወፎቹ ሽቦውን ተከትለው ከፍ ብለው ይሻገራሉ ተባለ። ሐሳቡ ያምራል። ብዙ ገንዘብ ወጣበት። በ2012 የወጣ ጥናት ቆሞ ሲቆጥር የሌሊት ወፎቹ ድልድዩን ከቁም ነገር አልጣፉትም። በድሮ መስመራቸው፣ በመኪናው ከፍታ ነው የሚሻገሩት። ከተሠራ ዘጠኝ ዓመት የሆነውም ያው ነው። በድሮ መስመራቸው ላይ የተሠራ አንድ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ግን ብዙዎቹ ይጠቀሙበት ነበር።

የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት ድልድዮቹ ተደጋግመው መሠራታቸው ነው። አንዱ ሠራ፤ ሌላው እሱን አይቶ ሠራ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ይሄ ነው። ከጥናቱ በኋላም መሠራታቸው ወዲያው አልቆመም።

እና ይህ የድልድዮቹ ብቻ በሽታ አይደለም። በ2004 በወጣ ጥናት ተመራማሪው ዊሊያም ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ ቦታዎችን የሚያስተዳድሩ ሰዎችን «ይህን ሥራ ለመሥራት የወሰናችሁት በምን ተመርታችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ በአብዛኛው የራስ ልምድ፣ የጓደኛ ወሬ፣ «ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው» ነበር። የታተመ ጥናት አይቶ የወሰነ ከስንት አንዱ ነው። ሰዘርላንድ ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም የተሞከሩ የጥበቃ ሥራዎችን በአንድ ቦታ እየሰበሰበ ነው። ኮንሰርቬሽን ኤቪደንስ ይባላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች አሉበት። ለእያንዳንዱ ማን፣ የት ሞከረው፣ ምን አገኘ የሚል በአጭሩ ተጽፏል። በነጻ ይነበባል። ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሰዓት እዚያ ብታሳልፉ ብዙ ብር ይተርፋችኋል።

ተስፋ እንዳትቆርጡ ደግሞ ይህን ስሙ። በ2024 186 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ወጥቷል። በውስጣቸው 665 ሙከራዎች አሉ። ሁሉም «ባናደርገውስ» የሚለውን ማነጻጸሪያ የያዙ ናቸው። ከሦስት ሁለት እጅ በሚሆኑት የጥበቃው ሥራ ሁኔታውን አሻሽሏል፤ ወይም ቢያንስ ጥፋቱን አዘግይቷል። ስለዚህ በከንቱ አንለፋም። ሥራችን ያልተሳካውን፣ ከሦስት አንዱን፣ ፈልጎ ማግኘትና ማረም ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለኝ ሰው አላጣም። መልሴ ደቡብ ጎንደር ነው።

ሰሜን ኢትዮጵያን ከአውሮፕላን ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ቡናማ እርሻ፣ መሐሉ ላይ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለጉሬዛውም ለጦጣውም ለወፉም የቀረችው ጫካ እሷ ናት። ችግሩ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ልጅ የላቸውም። ከዛፎቹ ሥር ቡቃያ አይታይም። ለምን? ሁሉም የራሱን ምክንያት ይሰጣል። አፈሩ ደክሟል፤ ዝናቡ አንሷል፤ ዘሩ መክኗል።

ዶክተር አለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ክርክሩን አጥር ሠርተው ፈቱት። በሁለት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ አንዳንድ ቁራሽ መሬት ከከብት አጠሩ። አጠገቡ ያለውን ሳያጥሩ ተዉት። በሁለቱም ዘር ዘሩ፤ በሁለቱም ችግኝ ተከሉ። ከዚያ ቆጠሩ። አፈሩ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ዘሩ ያው። በታጠረው ውስጥ ይበልጥ በቀለ፣ ይበልጥም ተረፈ። የከብት እግርና አፍ ነበር። በ2009 አሳተሙት። በኋላም በአካባቢው ብዙ ደኖች በድንጋይ ካብ ታጠሩ። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ነው ያመጣው፤ ማሳውም ጸዳለት። ውድ መሣሪያ አልነበረበትም። እንጨት፣ ዘር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ስለ ሽማግሌዎች እውቀት ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ከንግግሩ በፊት፣ ሻይ ላይ። እኔ የሾላውን ነገር የነገሩኝን አባት አልረሳም። ከእኔ ሪፖርት የእሳቸው ዓይን ይበልጥ ነበር። የሽማግሌ እውቀት የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል። ግን ሽማግሌም ሊሳሳት ይችላል፤ ዶክተርም ሊሳሳት ይችላል። የሁለቱም ቃል አብሮ ማሳ ላይ ይፈተን። አክብሮት ማለት ቃላቸውን ከቁም ነገር ቆጥሮ መፈተን ይመስለኛል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። በ2021 ታትሱያ አማኖ የሚባል ተመራማሪ የሚመራው ቡድን ከእንግሊዝኛ ውጭ በ16 ቋንቋዎች የተጻፉ ጽሑፎችን አገላብጦ የትኛው የጥበቃ ሥራ እንደሚያዋጣ የሚያሳዩ 1,234 ጥናቶችን አገኘ። ዓለም ሳያያቸው የኖሩ ናቸው። ከ16ቱ መካከል አማርኛ የለም። እኔ ግን በየዞኑና በየፓርኩ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ምን እንደተከመረ አይቻለሁ። አቧራ የጠጣ የቆጠራ ቅጽ፣ የስካውት የቀን መዝገብ። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ እይታ ነው። አይጥ ሳይበላው ፎቶ አንሱት።

ለምን አንፈትንም? ስንፍና አይደለም። የምንጠየቀው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ስንት ሰው ሠለጠነ? ስንት ችግኝ ተተከለ? ስንት ቲሸርት ታተመ? ስንት ጸደቀ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፕሮጀክቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ዛፉ 20 ዓመት ይፈልጋል። «አልሠራም» ብሎ የጻፈ ደግሞ ቀጣዩን በጀት ያጣል ብሎ ይሰጋል። ይህን ስጋት አልንቀውም። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ነው። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች «ያልሠራውንም ንገሩን፤ አንቀጣችሁም» ማለት ያለባቸው። በጽሑፍ።

አሁን ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። አንዱን ግን አስቀድሜ ልመልስ፤ በየሄድኩበት ይመጣል። ባለፈው አንዲት የእንስሳት ሐኪም እንዲህ አለችኝ፦ «ለማነጻጸር ብለህ ግማሹን መንደር ያለ እርዳታ ልትተወው ነው? እኔ ዓይናቸውን ማየት አልችልም።»

ትክክል ናት። የሚሠራ መሆኑን እያወቁ መንፈግ ኃጢአት ነው። ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። በጀታችን መቼ ነው ለሁሉም በቅቶ የሚያውቀው? ሃያ መንደር አለ፤ ዘንድሮ ያለን ለአሥር ነው። አሥሩ እንደሆነ መቅረቱ አይቀርም። ዛሬ የሚቀረው ማን ነው? ከአስፋልቱ የራቀው። ሊቀመንበሩ ስልክ የማያነሳለት። ከዚያ የቅርቦቹን ከሩቆቹ ጋር እናነጻጽርና «ሠርቷል» እንላለን። ድሮውንም የቅርቦቹ ይሻላሉ እኮ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ አልኳት። ሃያውንም መንደር ሰብስቡ። ያለው ለአሥር እንደሆነ፣ የቀሩት አሥሩ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያገኙ ንገሯቸው፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ዘንድሮ ሃያውም ጋ ደብተር ይሰጥ። ስንት በግ ተበላ፣ ስንት ማሳ ተነካ፣ ሃያውም ይመዝግቡ። ከዚያ የመንደሮቹን ስም በየወረቀቱ ጻፉ፤ አጥፋችሁ ባርኔጣ ውስጥ ጨምሩት። ዕጣውን ሁሉም እያየ ሕፃን ልጅ ያውጣው።